ሰባት ምን?

ጡረታ የወጣሁ ቀን ባልደረቦቼ አዋጥተው ጋቢ ሰጡኝ። ሸዋ ሮቢት ላይ ጋቢ የሚያስፈልግበት ወር የለም፤ ቢሆንም ተቀብዬ አመሰገንኩ። እኔ የፈለግሁት ሌላ ነበር። የጤና ጣቢያችን መጋዘን ጥግ ላይ መርፌዋ የተጣበቀ፣ ከአገልግሎት የወጣች አሮጌ የሕፃናት ሚዛን ተንጠልጥላለች። እሷን ስጡኝ አልኩ። የንብረት ክፍሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ «እትዬ ብርቄ፣ የማስወገጃ ቅጽ ሳይሞላ፣ ኮሚቴም ሳይፈርም አትወጣም» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልተቀየምኩም። «ትክክል ነህ፤ እንዳትሰጠኝ» አልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ እምቢ ማለት የሚያውቅ ሰው ሳከብር ኖሬ፣ በመጨረሻው ቀን እምቢታው እኔው ላይ ቢደርስ ምን እላለሁ?

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሥራ የጀመርኩት በጽዳት ሲሆን፣ ቦታውም ከደብረ ሲና ዝቅ ብላ የምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ነበረች። ክሊኒኳን የሚመሩት ድሬሰር ነበሩ። ያኔ ሐኪም በማይደርስበት አገር ቁስል የሚያጥበውም፣ መርፌ የሚወጋውም፣ የሚያዋልደውም ድሬሰር ነው። ጋሼ ሰይፉ እንላቸው ነበር። አንድ ቀን ወለል እየወለወልኩ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ካርድ ቆሜ ሳነብ ያዙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «ድምፅሽን ከፍ አድርጊና አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩ። ከዚያች ቀን ወዲያ ካርድ መጻፍና ሕፃን መመዘን ሥራዬ ሆነ። ደመወዙ ወዲያው አልተከተለም፤ እሱ በራሱ ጊዜ መጣ።

ጋሼ ሰይፉ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። እርሳሳቸው ከጆሯቸው አትወርድም። አንድ ጠባይ ነበራቸው፤ ራቁቱን የቆመ ቁጥር አይቀበሉም። «ሰባት» ብዬ ካነበብኩላቸው፣ ቀና እንኳ ሳይሉ «ሰባት ምን?» ይላሉ። ሰባት ኪሎ ነው? ሰባት ወር ነው? ካሳለው ሰባት ቀኑ ነው? መልሱን እያወቁ ነው የሚጠይቁኝ። ሚዛኑ ፊት ቆሜ፣ ልጁ በሚዛኑ የጨርቅ ሱሪ ተንጠልጥሎ እያለቀሰ «ሰባት ምን?» ሲሉኝ በሆዴ እናደድ ነበር።

አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ ሚዛን ላይ የተንጠለጠለ ልጅ ሰባት ሜትር ሊሆን ነው?» አልኳቸው።

«ካልጻፍሽው ማን ያውቃል» አሉኝ።

ሌላም ጠባይ ነበራቸው። የማይታወቅ ነገር ሲገጥማቸው ቦታውን በግምት አይሞሉትም። እናትየዋ የልጇን ልደት ካላወቀች፣ በቦታው ላይ ትንሽ ክብ ይሥላሉ። ክቧ «አላወቅንም» ማለት ናት። አንድ ተቆጣጣሪ ከላይ መጥቶ በክቦቹ ብዛት ሲወቅሳቸው፣ «ባዶ ቦታ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ውሸት የሞላው ነው» ሲሉት ሰምቻለሁ።

አሁን የማልወደውን ነገር ልናገር። ጋሼ ሰይፉ ለሥልጠና ሄደው ክሊኒኳን ለእኔና ለአንዲት ረዳት ትተው በነበረ ጊዜ፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት አዲስ ሚዛን አመጣልን። ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ነበር። አሮጌውን አውርጄ እሱን ሰቀልኩ። የዚያን ቀን የመዘንኳቸው ሕፃናት ሁሉ ደህና ሆኑልኝ። ደስ አለኝ፤ ሚዛኑ ራሱ ገድ ያለው መሰለኝ። ከሕፃናቱ አንዱ የሦስት ወር ወንድ ልጅ ነበር። መርፌዋ ሰባት ላይ ቆመች። ሰባት ብዬ ጻፍኩ። እናቱን «ጎበዝ ነው፤ ሰባት ገብቷል» አልኳትና ላክኋት።

የልጁን እግር አይቼው ነበር፤ እንደ እንጨት የቀጠነ ነበር። ዓይኔ አይቶታል፤ እጄ ግን የጻፈው መርፌዋ ያለችውን ነው።

ጋሼ ሰይፉ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። መዝገቡን ገለጡ፤ ያቺኛዋ ቁጥር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። «ሰባት ምን?» አሉ። «ኪሎ ነዋ» አልኳቸው። ተነሥተው ሚዛኑን አገላብጠው አዩት። መስታወቱ ሥር በፈረንጅ ፊደል የተጻፈች ትንሽ ምልክት ነበረች፤ እኔ ያላነበብኳት። ሚዛኑ የሚቆጥረው በኪሎ ሳይሆን ፓውንድ በሚባል የውጭ መስፈሪያ ነበር። አንዱ ፓውንድ ግማሽ ኪሎም አይሞላም። ያ ልጅ ሦስት ኪሎ ከትንሽ ነበር የሚመዝነው።

አሮጌውን ሚዛን ተሸክመን ከቤት ቤት ዞርን። ሌሎቹን ሁሉ ደረስንባቸው። የሦስት ወሩ ልጅ ቤት ስንደርስ ለቅሶ ላይ ነበሩ። ጋሼ ሰይፉ ጥፋቱን ለወላጆቹ ሳይደብቁ ነገሩ። «ጥፋቱ የክሊኒኩ ነው» አሉ እንጂ የእኔን ስም አላነሡም። ስንመለስ አሮጌውን ሚዛን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ተሸከሙት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ራቁቱን የቆመ ቁጥር ጽፌ አላውቅም፤ ሲጻፍም ዝም ብዬ አላልፍም። ግትር የሚለው ስም የወጣልኝም በዚህ ነው።

ጋሼ ሰይፉ ጡረታ ወጡ፤ ቆይተውም አረፉ። እኔ ወደ ቆላው ተዛወርኩ፤ ከሸዋ ሮቢት ብዙም ወደማይርቅ አንድ ጤና ጣቢያ። የደብረ ሲናን ብርድ የለመደ ሰው ለይፋት ሙቀት ዓመት ያስፈልገዋል። ኃላፊ መጣ፣ ኃላፊ ሄደ። አንዱ መዝገብ ሲያምር ይወዳል፣ ሌላው ሪፖርት ሲፈጥን። እኔ ካርድ ክፍልና ሚዛን ላይ ቆየሁ።

በኋላ ኮምፒውተር ገባ። ከኮምፒውተሩ ጋር ከሐዋሳ በኩል የተመደበች ቅድስት የምትባል የመረጃ ባለሙያ መጣች። ሙቀቱን እየረገመች የምትሠራ፣ ሥራዋን ግን የምትወድ ልጅ ነበረች። የሕፃናቱን ክትትል የሚይዝ ፕሮግራም በራሷ ጊዜ ጻፈች። ልደትና ክብደት ሲገባለት ዕድሜውን ራሱ ያሰላል፤ ክብደቱ ለዕድሜው ካነሰ ስሙን በቀይ ያወጣል። ወደድኩት፤ በእጅ ስንት ሰዓት ይፈጅብን የነበረ ሥራ ነው። አሮጌውን የወረቀት መዝገብ ግን ጣይው ሲሉኝ አልጣልኩም፤ ካርድ ክፍል መደርደሪያ ሥር አስቀመጥኩት።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ጠዋት ቀዩ ዝርዝር ውስጥ የኢክራም ስም ወጣ። ኢክራም የሐዋ ልጅ ናት፤ ሐዋ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ያለ ቀበሌ ነዋሪ። ዝርዝሩ «ዕድሜ አሥራ ሦስት ወር፣ ክብደት አምስት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም፣ ከባድ የምግብ እጥረት» ይላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዝርዝሩን ይዛ ቤቷ ሄዳ ነበር። ጎረቤት በተሰበሰበበት «ልጅሽን እየጎዳሻት ነው» ብላታለች። በነጋታው ሐዋ ልጇን አዝላ፣ አማቷን ወይዘሮ ዘሀራን አስከትላ መጣች። ነርሱ ወደ ሆስፒታል የመላኪያ ወረቀት መጻፍ ጀምሮ ነበር። ማሽላው ለአጨዳ ደርሷል፤ ሌሎቹ ልጆቿ ትናንሾች ናቸው። ከዚያ ሁሉ የባሰው ግን ነገሩ ሰፈር ውስጥ መወራቱ ነው።

ወይዘሮ ዘሀራ በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ ሰው እየሰማ፣ «እኔ ስምንት አሳድጌያለሁ፤ አንዱንም መንግሥት መጥቶ ከሳብሽ አላለኝም» ይላሉ።

«እሜት፣ ወላሂ ጡቴን ከልክያት አላውቅም» ትላለች ሐዋ። አታለቅስም፤ ድምፅዋ ብቻ ደርቋል።

«እኔ ምን አውቃለሁ። ኮምፒውተሩን ጠይቂው።»

ልጅቱን ከጀርባዋ አውርጄ ያዝኋት። አንገቷ ገና መጽናቱ ነው። ጥርስ የለም። ጣቴን ስሰጣት እንደ ጨቅላ ጨበጠችው። እግሯ ወፍራም፣ ጉልበቷ ላይ የሥጋ እጥፋት ያለው ነው። አሥራ ሦስት ወር የሞላው ልጅ ቆሞ ሊሄድ ይሞክራል። እንደዚያኛው ልጅ ሁሉ አሁንም ዓይኔ አንድ ነገር ያያል፣ ቁጥሩ ሌላ ይላል።

«መቼ ወለድሻት?» አልኳት።

«ለዓመቱ መባቻ ጥቂት ቀን ሲቀር። በጳጉሜ ነዋ። እዚሁ አይደል የወለድኳት።»

ነርሱ ብዕሩን ሳያነሣ፣ «እትዬ ብርቄ፣ እናቶች ዕድሜ ያምታታሉ። ኮምፒውተሩ አስልቶታል» አለኝ።

«ኮምፒውተሩ ምጥ ላይ ነበር?» አልኩት። «ወረቀቱን አቁም።»

«ዝርዝሩን ኃላፊው ፈርመውበታል እኮ።»

«ፊርማው አይሸሽም፤ እዚያው ይጠብቅሃል።»

ካርድ ክፍል ገብቼ አሮጌውን መዝገብ ከመደርደሪያው ሥር አወጣሁ። የወሊዱን ገጽ ገለጥኩ። በእኔው እጅ ጽሑፍ «ጳጉሜ ሦስት ቀን፣ ሴት፣ ሦስት ኪሎ» ይላል። ሦስት ወር ተኩል ቢሆናት ነው። ለሦስት ወር ተኩል ሴት ልጅ ያ ክብደት ደህና ነው። መዝገቡን ይዤ ቅድስት ጋ ሄድኩና «ያንቺ ኮምፒውተር የያዘውን የኢክራምን ልደት አሳዪኝ» አልኳት።

አወጣችው። ኅዳር አሥራ ሦስት ይላል።

ቅድስት መዝገቡንና ማሳያውን እያፈራረቀች አየች። በልጅቷ ካርድ ላይ በቁጥር የተጻፈው 3/13 ነበር፤ ቀን ሦስት፣ ወር አሥራ ሦስት። የገባውም እንደዚያው ነው። «ኮምፒውተሩ ገለበጠው» አለች። «ፈረንጅ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም። አሥራ ሦስት ወር ሊሆን አይችልም ብሎ ቀን አደረገው፤ ሦስቱን ደግሞ ወር። ሦስተኛው ወር በእኛ ቆጠራ ኅዳር ነው።»

«ማንን ጠይቆ?»

«ማንንም። ዝም ብሎ።»

ዘጠኝ ወር ከምናምን ቀን ያለ ፈቃድ ጨምሮባታል። ጳጉሜ አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ናትና በዓመት የሚወለድባት ሕፃን ጥቂት ነው፤ እስከዚያ ማንም ያላየው ለዚህ ነው። የዚያን ቀን ከመዝገቡ ሌሎች አራት የጳጉሜ ልጆች አገኘን። ሁሉም በየወሩ አሥራ ሦስተኛ ቀን ላይ ተበትነው ነበር።

ነርሱ ወረቀቱን ቀደደ። ኃላፊው ሐዋን ቢሮ ጠርተው ይቅርታ ጠየቁ። ጨዋ ሰው ናቸው። ነገሩ በዚህ ያለቀ መሰላቸው።

«አላለቀም» አልኳቸው። «ስሟ የጠፋው እዚህ ቢሮ ውስጥ አይደለም። በደጇ ነው፣ ጎረቤት እየሰማ። በደጇ ይመለስላት።»

«እትዬ ብርቄ፣ ሥራ አለብን።»

«እሷም ማሽላ አለባት።»

በማግሥቱ በባጃጅ ሄድን፤ ኃላፊው፣ ቅድስትና እኔ። ጎረቤቱ ሲሰበሰብ ኃላፊው ተናገሩ፤ ልጅቷ ጤነኛ ናት፣ እናቷ ምንም አላጠፋችም፣ ጥፋቱ የእኛ ነው አሉ። ቅድስት ቀጥላ «ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። ማንም አስገድዷት አይደለም። ጋሼ ሰይፉ በለቅሶው ቤት የተናገሩት ትዝ አለኝ፤ ቅድስት ግን የራሷን ስም ተናግራለች፤ እኔ ያኔ አላደረግሁትም።

ወይዘሮ ዘሀራ ሰምተው ሲያበቁ፣ «እኔስ መች አመንኩ» አሉ። ሐዋ ቀና ብላ አየቻቸውና ልጇን አዘለች። ስንወጣ እጇን ይዤ፣ «ከእንግዲህ ቁጥር ሲነግሩሽ ዝም ብለሽ አትሸከሚ። ‹ምን?› ብለሽ ጠይቂ» አልኳት።

በመመለሻው ላይ ቅድስትን ይህ ነገር እንዴት ይሆናል አልኳት። ቢሮ ስንደርስ አስቀምጣ አስረዳችኝ። ኮምፒውተሩን የምናዝበት ቋንቋ ብዙ ዓይነት ነው። አንዳንዱ ቻይ ነው፤ ጽሑፍ በሚፈለግበት ቁጥር ቢሰጡት፣ ቁጥር በሚፈለግበት ጽሑፍ ቢሰጡት፣ ይሆናል ብሎ የገመተውን ራሱ ለውጦ ሥራውን ይቀጥላል። አንዳንዱ ግትር ነው፤ የተሰጠው ነገር ዓይነቱ ካልገጠመ ይቆማል፤ አንቺ ራስሽ ለውጠሽ ካልሰጠሽኝ አልነካም ይላል። እሷ የጻፈችው በቻዩ ነበር። ቀኑን የገለበጠው ሌላ ሰው ጽፎት የተዋሰችው ቁራጭ ፕሮግራም ነው፤ ጠባዩ ግን ያው ነው አለች።

እንዳይ ብላ አንድ ነገር ጻፈች። አምስትን እንደ ጽሑፍ፣ ሦስትን እንደ ቁጥር ሰጠችውና ደምር አለችው። ሃምሳ ሦስት አለ፤ ጎን ለጎን ገጥሟቸው። እነዚያኑ ቀንስ አለችው። ሁለት አለ።

«ሲደምር ሌላ፣ ሲቀንስ ሌላ?» አልኳት። «እንዲህ ያለ ሰው የማሾ እህል መዝኖ ቢሸጥ ማን ይገዛዋል?»

ሳቀች፤ ግን ዝም ብላ አልተረታችልኝም። «ግትሩም የራሱ ጣጣ አለው፣ እትዬ። ስልሳ እናት በፀሐይ ተሰልፋ፣ ማሽኑ በየካርዱ እምቢ እያለ ቢያቆመንስ? ቻዩ የተፈጠረው በክፋት አይደለም። ሰው እንዳይጉላላ ነው።»

«ያቺን የመሰለች እናት ከምትዋረድ ስልሳው ይጠብቅ» አልኳት። ያኔ ትክክል የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ቅድስት ፕሮግራሙን እንደገና ጻፈችው፤ በግትሩ ቋንቋ። ለእኛ ዘመን አቆጣጠር የራሱን ዓይነት ሠራችለት። ወር ከአንድ እስከ አሥራ ሦስት፣ ጳጉሜ ከአምስት ወይም ከስድስት ቀን አይበልጥም፤ ከዚህ የወጣ አይገባም። ክብደትም የራሱ ዓይነት ሆነ፣ ዕድሜም የራሱ። ክብደትን ዕድሜ ቦታ ላስገባ ብትል ይቆማል። ጋሼ ሰይፉ ማሽን ሆነው የተመለሱ መሰለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። ዝርዝሩን ሳነብ የመስከረም አንድ ልጆች በዙብኝ። በአንድ ቀን ይህን ያህል እናት አልወለደችም። በካርድ ክፍል እኔን ልትተካ የተመደበችውን ልጅ ጠየቅኋት።

«ልደቱን የማያውቁ እናቶች አሉ» አለችኝ። «ባዶ ስተወው አይቀበልም። ሰልፉ ይረዝማል። ስለዚህ መስከረም አንድ እላለሁ፤ ዝም ይለኛል።»

ቁጭ አልኩ። ግትሩ ማሽን እምቢ ማለት ተምሯል፤ አላውቅም ማለትን ግን ማንም አላስተማረውም። እውነት የሚገባበት በር ሲዘጋ ሰው ውሸት ይዞ ይመጣል። ቻዩ ራሱ ይገምት ነበር፤ ግትሩ ደግሞ እኛን አስገመተን። ለእናቲቱ ልዩነቱ ምንድን ነው? ቅድስት ያለችኝ ግማሹ ልክ ነበር፤ ይህንን ለራሷ ነገርኳት። ከዚያ ወረቀት ላይ የጋሼ ሰይፉን ትንሽ ክብ ሣልኩላት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«አይታወቅም ማለት ነው። ቦታ ስጭው። እምቢ የሚለው ለውሸት እንጂ ለማያውቅ ሰው አይሁን።»

ለሁለት ቀን አንገቷን ደፍታ ሠራች። ከዚያ ወዲህ ልደት የማይታወቅለት ልጅ በክብ ይገባል፤ ማሽኑም ዕድሜውን አያሰላም፤ «ልጁን እዩት» ብሎ ወደ ሰው ይልከዋል። ከሠራቻቸው ነገሮች ሁሉ እኔ የምወደው ይህንን ነው።

ሰኔ ላይ፣ ጡረታዬ ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ሐዋ ለዘጠነኛ ወር ክትባት ኢክራምን ይዛ መጣች። ወይዘሮ ዘሀራም አብረዋት ነበሩ፤ ልጅቷን ያዘሏት እሳቸው ናቸው። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ሙቀቱ በረንዳውን አልፎ ገብቷል። ኢክራምን ሱሪው ውስጥ አስገብቼ ሰቀልኳት። አታለቅስም፤ የሚዛኑን መርፌ ለመያዝ ትዘረጋለች። እኔ ደክሞኛል። መርፌዋን አየሁ።

«ሰባት ተኩል» አልኩና ለመጻፍ ዞርኩ።

ከኋላዬ የሐዋ ድምፅ መጣ፤ ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩል።

«ሰባት ተኩል ምን፣ እትዬ?»

እጄ ካርዱ ላይ ቆመ። ወይዘሮ ዘሀራ ምራታቸውን በክርናቸው ነካ አድርገው፣ «አንቺ ደግሞ፣ ሴትዮዋን ሥራዋን ልታስተምሪ ነው?» አሏት።

«ታስተምረኝ» አልኳቸው። ተመልሼ መስታወቱ ሥር ያለችውን ምልክት አነበብኩ፤ ሺህ ጊዜ ያየኋትን። ከዚያ ለሐዋ ነገርኳት፣ እየነገርኳትም ጻፍኩት።

«ኪሎ።»